አዲስ ኤሌክትሪክ ጊታር ሲገባ፦ ከመፍረዳችሁ በፊት በቅደም ተከተል ሞክሩት

አዲስ ኤሌክትሪክ ጊታር ቤት ሲገባ አብዛኛው ሰው የሚያደርገው ተመሳሳይ ነው። ቦርሳውን ይከፍታል፣ አምፕ (ድምፅ ማጉያ) ላይ ይሰካል፣ ድምፁን የሚያሻክረውን ዲስቶርሽን እስከ ጥግ ያዞራል። ትንሽ ይጫወትና ይፈርዳል። ወይ "አሪፍ ነው!" ይላል፣ ወይ "ተበላሁ!" ይላል። ሁለቱም የችኮላ ፍርድ ነው።

ገና ከካርቶን በወጣ ጊታር ላይ የምትሰሙት ችግር ብዙውን ጊዜ የጊታሩ አይደለም። ክሩ ያረጀ ሊሆን ይችላል። ብሪጁ፣ ክሮቹ አካሉ ላይ የሚያርፉበት ብረት፣ አልተስተካከለ ይሆናል። የቤታችሁ መብራት ሊሆንም ይችላል። በተቃራኒው ደግሞ ዲስቶርሽን ብዙ ጉድ ይሸፍናል፤ ያኔ የወደዳችሁት ጊታር ከሳምንት በኋላ በንጹሕ ድምፅ ስትሰሙት ሌላ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን፦ መጀመሪያ በዓይንና በእጅ፣ ቀጥሎ ሳይሰካ በጆሮ፣ ቀጥሎ በንጹሕ ድምፅ። ዲስቶርሽን የመጨረሻው ነው።

እዚህ አዳማ ደግሞ ከሌላው በተለየ ሁለት ነገር ማሰብ አለብን። አንዱ ሙቀቱና ነፋሱ ነው። ሌላው መብራቱ።

1. እንዲያርፍ ተዉት

ጊታሩ ከአዲስ አበባ በፍጥነት መንገዱ ሲመጣ ከ2,300 ሜትር በላይ ከሆነ ከተማ ወደ 1,600–1,700 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ችግሩ ከፍታው አይደለም፤ የአየሩ ሙቀትና ድርቀት ነው። በተለይ በበጋ፣ ኮረብታው ላይ ያሉትን ተርባይኖች የሚያሽከረክረው ያ ነፋስ ከእንጨት ውስጥ እርጥበት ይመጥጣል። ኤሌክትሪክ ጊታር እንደ አኩስቲኩ ስስ ሣጥን ስለሌለው ቶሎ አይሰነጠቅም። አንገቱ ግን እንጨት ነው። እንጨት ደግሞ አየሩን እየተከተለ ይሰበሰባል፣ ይለጠጣል።

ከነቦርሳው ቤት ውስጥ ጥላ ቦታ አስቀምጡት። ቢያድር ይመረጣል። ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ሥር አይሆንም። በተዘጋ መኪና ውስጥማ በፍጹም፤ የአዳማ ቀትር ቀለምም ሙጫም ያበላሻል። በባጃጅ ስትወስዱት አንገቱን በጎን አታውጡ፤ ሌላ ባጃጅ ሲያልፍ ምን እንደሚሆን መገመት አያቅትም።

2. በዓይንና በመዳፍ

ጊታሩን ወደ ዓይናችሁ አቅርቡና ከጭንቅላቱ በኩል አንገቱን ወደ ታች ተመልከቱ፤ ልክ አናጢ ጣውላ ቀጥ ማለቱን እንደሚያይ። በጣም ትንሽ ወደ ፊት ጎንበስ ማለቱ ችግር የለውም፤ እንዲያውም ይፈለጋል። የማይፈለገው መጠማዘዝ ነው። አንደኛው ጎን ከፍ፣ ሌላው ዝቅ ካለ አንገቱ ተጠማዟል ማለት ነው። ይህን ቤት ውስጥ የሚያስተካክለው የለም፤ መመለስ ነው።

ከዚያ ነት የምትባለዋን፣ ክሮቹ ከጭንቅላቱ ወርደው የሚያርፉባትን ቁራጭ፣ ከጀርባዋ በኩል በደንብ እዩ። የጊብሰን ቅርጽ ያላቸው ጊታሮች ጭንቅላታቸው ወደ ኋላ ያዘነበለ ስለሆነ ሲወድቁ የሚሰበሩት እዚያ ጋ ነው። ቀጭን ፀጉር የምትመስል መስመር ካለች ጥፍራችሁን አሳልፉባት። ጥፍር ከያዘች ስንጥቅ ናት።

መዳፋችሁን በአንገቱ ጠርዝ ላይ ከላይ ወደ ታች አንሸራትቱ። የፍሬቶቹ፣ አንገቱ ላይ በአግድም የተተከሉት ቀጫጭን ብረቶች፣ ጫፍ ይቧጭራል? ይህ የበጋ ምልክት ነው። እንጨቱ ደርቆ ሲሰበሰብ ብረቱ ስለማይሰበሰብ ጫፉ ይወጣል። ፋብሪካው ያበላሸው ላይሆን ይችላል። ጥሩ እጅ ያለው ሰው በቀጭን ሞረድ ያስተካክለዋል፤ ለዚህ ብቻ ጊታር አይመለስም።

3. መቃኘት፣ እንደገና መቃኘት

ከወፍራሙ ጀምሮ ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ኢ። በኸርዝ ወደ 82፣ 110፣ 147፣ 196፣ 247 እና 330 ነው። የስልክ ቲዩነር ይበቃል። ሁልጊዜ ከታች ወደ ላይ እየጠበቃችሁ ድረሱ፤ ካለፋችሁ ወርዳችሁ እንደገና ውጡ።

ክሩ አዲስ ከሆነ ይለጠጣል። እያንዳንዱን ክር መሃሉ ላይ ይዛችሁ በእርጋታ ወደ ላይ ሳቡት። ቃኙት። ድገሙት። ሲሳብ የማይወርድ እስኪሆን ቀጥሉ። "ቅኝት አይዝም" ተብሎ የሚታማ ጊታር ብዙ ጊዜ ክሩ ያልተለጠጠ ጊታር ነው። ስትቃኙ "ቲክ" የሚል ድምፅ ከነቷ ከሰማችሁ ክሩ እዚያ እየተያዘ ነው። ክሩን አላሉትና ቦይዋን በእርሳስ ቀቡ። የእርሳስ ጥቁሩ ግራፋይት ስለሆነ ያሸራትታል።

ክሩ ዝጎ ወይም ጠቁሮ ከመጣ ግን ጊዜ አታባክኑ። ቀይሩት። በዛገ ክር የሚሰጥ ፍርድ ዋጋ የለውም።

4. ሳትሰኩ ተጫወቱ

አምፑ ይቆይ። ጸጥ ያለ ክፍል ውስጥ ተቀመጡና እያንዳንዱን ክር በእያንዳንዱ ፍሬት አንድ በአንድ ጠቅ አድርጉ። አሰልቺ ነው። ግን ከዚህ የበለጠ ስለ ጊታሩ የሚናገር ሙከራ የለም።

የምትፈልጉት መንጫጫት የት እንደሆነ ነው። ቦታው ምክንያቱን ይነግራችኋል። ክሩ ሳይያዝ ብቻ የሚንጫጫ ከሆነ የነቷ ቦይ ጠልቋል። ከአንደኛው እስከ አምስተኛው ፍሬት ባለው አካባቢ ከሆነ አንገቱ ከመጠን በላይ ቀጥ ብሏል ወይም ወደ ኋላ ተለጥጧል፤ በእኛ በጋ ይህ የተለመደ ነው። ከአሥራ ሁለተኛው ፍሬት በላይ ከሆነ ብሪጁ ላይ ያሉት ሳድሎች፣ እያንዳንዱ ክር የሚያርፍባቸው ትንንሽ ብረቶች፣ ዝቅ ብለዋል። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከሆነ ደግሞ ቀጣዩ ፍሬት ከሌሎቹ ከፍ ብሏል፤ ይህ የባለሙያ ሥራ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ሳይሰካ ትንሽ የሚንጫጫ፣ ሲሰካ ግን በአምፕ የማይሰማ ከሆነ እርሱት። ዝቅ ያለ ክር የሚወዱ ሰዎች ሁሉ ከዚህ ጋር ይኖራሉ።

አሁን ስለ እጅ። ከአኩስቲክ የመጣ ሰው እንደለመደው አጥብቆ ይጫናል። የኤሌክትሪክ ጊታር ክር ቀጭን ነው፤ ብዙ ጊዜ ቀጭኑ ኢ 0.009 ወይም 0.010 ኢንች ነው። አጥብቃችሁ ስትጫኑት ድምፁ ወደ ላይ ይሸሻል። ከዚያ "ኮርዱ አይስማማም" ትላላችሁ። አይደለም፤ ጣታችሁ ነው። ድምፁ ጥርት ብሎ እስኪወጣ ድረስ ብቻ ጫኑ፣ ከዚያ አይበልጥም። ከክራር የመጣችሁ ቃኝታችሁ ስለምትጫወቱ ጆሯችሁ ይህን ቶሎ ይይዘዋል። አኩስቲክ የለመደ ሰው ነው የሚቸገረው።

"ክሩ ጠነከረብኝ" ወይም "በጣም ለሰለሰ" የሚለውም ምክንያት አለው። እ.ኤ.አ. በ1954 የወጣውን የፌንደር ስትራቶካስተር ቅርጽ የሚከተሉ ጊታሮች ከነቷ እስከ ብሪጁ ያለው የክራቸው ርዝመት 648 ሚሊ ሜትር ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 የወጣውን የጊብሰን ሌስ ፖል የሚከተሉት ደግሞ 628 ገደማ ናቸው። የሁለት ሳንቲ ሜትር ልዩነት ናት። ግን በተመሳሳይ ክርና በተመሳሳይ ቅኝት ረጅሙ ይጠነክራል። ጓደኛችሁ ቤት የሞከራችሁት ሌስ ፖል ለስልሶ የእናንተው ስትራት ቢጠነክር ብልሽት አይደለም።

ቆማችሁም ሞክሩት። ማንጠልጠያውን አድርጉና እጃችሁን ከአንገቱ ላይ ልቀቁ። ጭንቅላቱ ወደ መሬት የሚወርድ ከሆነ ሰፊና ሻካራ ማንጠልጠያ ያስፈልጋችኋል። ሠርግ ላይ ሰዓታት ለምትቆሙ ይህ ከድምፁ የማይተናነስ ጉዳይ ነው።

5. መለካት

የብረት ማስመሪያ በቂ ነው። አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ከፍሬቱ አናት እስከ ክሩ ሥር ለኩ። በቀጭኑ ኢ 1.6 ሚሊ ሜትር፣ በወፍራሙ 2 ሚሊ ሜትር አካባቢ ከሆነ ጥሩ መነሻ ነው። ከዚያ ወፍራሙን ክር በአንድ እጅ አንደኛው ፍሬት ላይ፣ በሌላው እጅ መጨረሻው ፍሬት ላይ ያዙት። ስምንተኛው ፍሬት አካባቢ በክሩና በፍሬቱ መሃል ያለው ክፍተት 0.25 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሁን፤ ቢዝነስ ካርድ በጭንቅ የሚያልፍበት ያህል። ምንም ክፍተት ከሌለ አንገቱ ከመጠን በላይ ቀጥ ብሏል።

ይህን የሚያስተካክለው በአንገቱ ውስጥ የሚያልፈው ትረስ ሮድ የሚባል ብረት ነው። ከጊታሩ ጋር በመጣው ባለ ስድስት ማዕዘን መፍቻ ይዞራል። ክፍተት ለመጨመር ማላላት፣ ለመቀነስ ማጥበቅ። በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር አትለፉ። ቃኙ፣ ጠብቁ፣ እንደገና ለኩ። አልዞርም ካለ አታስገድዱት። ካቻቢቴ ይዞ "እኔ አስተካክልልሃለሁ" የሚል ጎረቤት በየሰፈሩ አለ፤ ትረስ ሮድ ግን የድፍረት ቦታ አይደለም።

ልኬቶቹን ወረቀት ላይ ጻፉና ቦርሳው ኪስ ውስጥ አስቀምጡ።

6. ከመሰካታችሁ በፊት፦ መብራቱ

ጊታሩ ራሱ ከሶኬት ምንም አይፈልግም። የሚፈልገው አምፑ ነው። አምፑ ዘመድ ከአሜሪካ የላከው ከሆነ ጀርባውን አንብቡ። "120 ቮልት" ብቻ የሚል ከሆነ በቀጥታ የእኛ 220 ቮልት ላይ ከሰካችሁት አለቀለት። ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል። የትራንስፎርመሩ ዋት ደግሞ አምፑ ከሚጠቀመው በደንብ መብለጥ አለበት። "100–240" የሚል ከሆነ የስፒናውን ቅርጽ ብቻ ማስተካከል ይበቃል።

ግራውንድ ቀልድ አይደለም። የጊታሩ ክሮች በብሪጁ በኩል ከአምፑ ግራውንድ ጋር የተያያዙ ናቸው። ስለዚህ የአምፑ ግራውንድ ካልሠራ የምትነኩት ብረት ሁሉ አደጋ ላይ ነው። ክሩን ስትነኩ ወይም ከንፈራችሁ ማይክ ሲነካ ከነዘራችሁ ወዲያውኑ አቁሙ። "ትንሽ ነው፣ ይለመዳል" አይባልም። ኤሌክትሪሺያን ይየው። ባለ ሦስት እግር ስፒና ዲቫይደሩ ላይ አልገባ ብሎ ሦስተኛውን እግር የሚቆርጡ አሉ። አታድርጉት።

መብራት ሲሄድ አምፑን ከሶኬት ንቀሉ። ሲመለስ ከፍ ብሎ ሊመጣ ይችላል። ምጣድ እየተጋገረበት ባለ መስመር ላይ አምፕ አትሞክሩም፤ ቮልቴጁ ሲወርድ ጥፋቱን በጊታሩ ላይ ታላክካላችሁ።

7. በንጹሕ ድምፅ

የአምፑን ቮሊዩም ዜሮ አድርጉ። ኬብሉን ሰኩ። ከዚያ ቀስ ብላችሁ ክፈቱ። ኬብሉ የጊታር መሆኑን አረጋግጡ፤ የስፒከር ኬብል ጃኩ ይመሳሰላል፣ ግን ሽፋን ስለሌለው ጫጫታ ይሰበስባል።

"ህምምም" የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ። አትደንግጡ። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ ጫጫታው በ50 እና በ100 ኸርዝ ይመጣል። 100ው ከወፍራሙ ኢ ክር ሦስተኛ ፍሬት ጋር ተጎራባች ስለሆነ ጂ የሚጫወት ሰው ያለ ይመስላል። ፒክአፕ የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ከክሮቹ ሥር ያለው ክፍል ነው፤ ባለ አንድ የሽቦ ጥቅሉ፣ እንደ ስትራት ያለው፣ ተፈጥሮው ይህ ነው። ተቀምጣችሁ በጊታሩ ቀስ ብላችሁ ዙሩ፤ በአንድ አቅጣጫ ይጨምራል፣ በሌላው ይቀንሳል። ሃምበከር የሚባለው ባለ ሁለት ጥቅል ፒክአፕ ይህን ጫጫታ ለማጥፋት የመጣ ነው።

የቀረውን ቤት ውስጥ ፈልጉ። የስልክ ቻርጀር፣ ርካሽ ኤልኢዲ አምፖል፣ በአዳማ ደግሞ ከሁሉ በፊት የጣሪያው ቬንቲሌተር ፍጥነት መቆጣጠሪያ። አንድ በአንድ አጥፉና ስሙ። ክሩን ስትነኩ ጫጫታው ቢቀንስ ጤናማ ነው። ክሩን ስትነኩ ቢብስ ግን ውስጥ ያለ ሽቦ ተላቋል ማለት ሊሆን ይችላል።

አሁን ማብሪያዎቹን ፈትሹ። የፒክአፕ መምረጫውን በእያንዳንዱ ቦታ አድርጉና ፒክአፖቹን በካቻቢቴ ጫፍ በቀስታ መታ መታ አድርጉ። የበራው ጮክ ብሎ ይሰማል፣ የጠፋው አይሰማም። ቮሊዩምና ቶኑን ከዜሮ እስከ አሥር ደጋግማችሁ አዙሩ። "ክርር" የሚለው ሲዞር ከጠፋ አቧራ ነበር። ጃኩን በቀስታ ነቅንቁ፤ ድምፅ ከተቆራረጠ የጃኩ ዳዶ መጥበቅ ወይም ብየዳ ይፈልጋል፤ ርካሽ ሥራ ነው።

ከዚያ ኢንቶኔሽን፣ ማለትም ጊታሩ በላይኛዎቹም ፍሬቶች ቅኝቱን መጠበቁ። ቃኙ። አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ክሩን ተጭናችሁ ቲዩነሩን እዩ። ከባዶ ክሩ ድምፅ ከፍ ብሎ ካሳየ ሳድሉን ከአንገቱ አርቁት። ዝቅ ካለ አቅርቡት። ሁልጊዜ ክሩን ትንሽ አላልታችሁ፣ አስተካክላችሁ፣ እንደገና ቃኝታችሁ።

ቲዩነር የማይነግራችሁን ቅኝቶቻችን ይነግሯችኋል። ትዝታን ከዶ ጀምራችሁ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ብላችሁ በቀስታ ተጫወቱ፤ ይህ ለመሟሟቂያ ነው፣ ትዝታ ይቅር ባይ ነው። ባቲ ግን ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ስለሆነ የግማሽ ድምፅ ርቀቶች አሉት። በላይኛዎቹ ፍሬቶች ስትጫወቱት ሚና ፋ ከተጠጋጉ ወይም ከተራራቁ ጆሮ ወዲያው ያውቀዋል። አንቺ ሆዬ ከሁሉም ጥብቅ ናት፤ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ። በታችም በላይም አንድ ሆና ከተሰማች ጊታሩ ተስተካክሏል።

በቀጭኖቹ ክሮች ላይ ከአሥራ ሁለተኛው ፍሬት በላይ አንድ ሙሉ ድምፅ ቤንድ አድርጉ፤ ማለትም የተጫናችሁትን ክር በጎን ገፍታችሁ ድምፁን ከፍ አድርጉ። ድምፁ መሃል ላይ ድፍት ካለ ክሩ የላይኛውን ፍሬት ይነካል፤ ሳድሉን ከፍ አድርጉት።

የቀኝ እጅን ቺክቺካ ይፈትነዋል። ስድስት ስምንተኛውን በአጫጭር፣ በመዳፍ በታፈኑ ኮርዶች ተጫወቱ። እያንዳንዱ ምት ተለይቶ ከወጣ ፒክአፑ ጥሩ ነው። ሁሉም ተጨፍልቆ ከወጣ ፒክአፑ ለክሩ በጣም ቀርቦ ሊሆን ይችላል፤ በጎኑ ያሉትን ቡሎኖች ትንሽ አላሉና ዝቅ አድርጉት። የሮሃ ባንዱን ጊታሪስት ሰላም ሥዩምን ያዳመጠ ሰው የሀገራችን ሙዚቃ ከጊታር የሚፈልገው መጀመሪያ ይህን ጥራት እንደሆነ ይገባዋል።

8. ዲስቶርሽን

አሁን ክፈቱት። በቃ፣ ተዝናኑ። እየጮኸ ካስቸገራችሁ ከአምፑ ፊት ዞር በሉ ወይም የጊታሩን ቮሊዩም ሰባት ላይ አውርዱት። ጎረቤት ካለ ከምሽቱ በፊት ጨርሱ።

9. ማቆየት ወይም መመለስ

ለመመለስ የሚያበቁት ጥቂት ናቸው፦ የተጠማዘዘ አንገት፣ የማይዞር ትረስ ሮድ፣ የተሰነጠቀ ጭንቅላት፣ ከቦታው የተነሣ ፍሬት፣ ተቃኝቶ በራሱ የሚላላ መቃኛ። ከገዛችሁበት ሱቅ ስትነጋገሩ በስልክ የቀረጻችሁትን ድምፅና የጻፋችሁትን ልኬት ይዛችሁ ሂዱ። "ደስ አላለኝም" የሚል ደንበኛ ይሰለቻል፤ "አሥራ አራተኛው ፍሬት ላይ ቢ ክር ድፍት ይላል" የሚል ግን ይደመጣል። ሌላው ሁሉ፣ የክሩ ከፍታ፣ ኢንቶኔሽኑ፣ የሚንጫጫው፣ የፍሬቱ ጫፍ፣ ጃኩ፣ የሚስተካከል ነው።

ጊታሩ ከቀረ አንድ ሌሊት አሳድሩትና ጠዋት ቅኝቱን እዩ። ሁሉም ክር በእኩል ከተንቀሳቀሰ የአየሩ ነው። አንዱ ብቻ ከወረደ የዚያን ክር መቃኛና አጠቃለል ፈትሹ። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲገባ ልኬቱን ድገሙት። አንገቱ እርጥበት ስቦ ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ፣ ክሮቹ ከፍ ብለው ልታገኙ ትችላላችሁ፤ ብዙ ጊዜ ሩብ ዙር ማጥበቅ ይበቃዋል።